ሶልት ያልነደፈው ድንጋይ

ዲላ አስተምር በነበረበት ዘመን ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት አንድ የአክሱም ሐውልት ሥዕል ለጥፌ ነበር። ከመጽሐፍ ላይ ኮፒ ያስነሳሁት ነው። የሠዓሊው ስም ሄንሪ ሶልት ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 አክሱም ደርሶ የነደፈው ሥዕል በ1809 ለንደን ላይ ታተመ። ከ20 ሜትር በላይ የሆነው ሐውልት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አጠገቡ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ሰዎቹ ከሥሩ ጉንዳን አክለዋል።

በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሠዓሊ ሮም ወርዶ የተሰበረ ዓምድ፣ ሣር የበቀለበት ግንብ ካልሳለ የተማረ አይመስለውም ነበር። ሶልትም ወደ እኛ የመጣው ያንኑ ዓይን ይዞ ነው። ቢሆንም ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ የንጉሥ ኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጧል፤ ከእሱ በፊት የመጣውን የጄምስ ብሩስን ሥዕልም ትክክል አይደለም ብሎ ነቅፏል።

ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ በኩራት ሳወራ አንድ የጌዴኦ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ሰውዬው እኛ ጋ መጥቶ ነበር?»

«እናንተ ጋ የት?»

«ቱቱ ፈላ።»

አልመጣም አልኩትና ትምህርቴን ቀጠልኩ። በፈተናው ሰሞን ልጁ ከመልሱ ጎን፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ ፊት የተቀረጸበት ድንጋይ በእርሳስ ስሎ አገኘሁ። በቀይ እስክሪብቶ «ከርዕስ ውጪ» ብዬ አለፍኩት።

ቱቱ ፈላ ከዲላ በስተ ደቡብ ነው፤ በመኪና ሩቅ የሚባል አይደለም። እኔ ግን ለዓመታት የአክሱምን ኮፒ እያየሁ ቡናዬን ስጠጣ ኖርኩ። ልቤ የተነሳው፣ እውነቱን ልናገር፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ ነው። ያኔም የሌላ ሰው ማኅተም ስጠብቅ ነበር ማለት ነው። በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ እዚያው ጌዴኦ፣ ሳካሮ ሶዶ ያሉት ትክል ድንጋዮች ቀድሞ ከተገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል እንደሚቀድሙ፣ የአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ እንደሆኑ አሳይቷል።

ጨልባ ቱቱቲ ብዙዎቹ ወድቀዋል፤ ረጃጅሞቹ ሣር ውስጥ ተጋድመዋል። ቱቱ ፈላ ስደርስ የልጁን ድንጋይ ፍለጋ ዞርኩ። ፊት ያላቸው ብዙ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ወረቀቱን ከመለስኩለት ስንት ዓመቱ! ማስታወሻዬን አወጣሁና አንዱን ራሴ ልንደፍ ሞከርኩ። አብሮኝ የነበረው ልጅ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ጋሼ፣ ሙቀጫ ነው?» አለኝ።