ምግብ ስለማይስማማው እንግዳ

እንግዳን በደስታ መቀበል ከአገራችን መልካም ልማዶች አንዱ ነው። በማዕድ የተቀመጠውን ሰው «በሞቴ፥ ብላ» እያሉ መለመንና በገዛ እጅ ማጉረስ የፍቅር ምልክት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ይህ ልማድ ማስተዋል ሲጎድለው ሰውን ለሞት የሚያደርስበት ጊዜ አለና፥ ስለዚህ ነገር ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ለአንዱ ኃይልና ጤና የሚሰጠው ምግብ ለሌላው እንደ መርዝ የሚሆንበት ሕመም አለ፤ ሐኪሞች አለርጂ ይሉታል። ይህን ስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ያወጣለት ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለው የቪየና ሐኪም ነው። ከዚያም አስቀድሞ በ1902 ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ የተባሉት የፈረንሳይ ሊቃውንት ከባሕር እንስሳ የወጣ መርዝ ለውሾች በጥቂቱ ሰጥተው ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ ጥቂት ቢደግሙላቸው፥ መጀመሪያ ምንም ያልሆኑት ውሾች ወዲያው ታመው ሞቱ። ሪሼ ስለዚህ ሥራው በ1913 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ሰውነት አንድን ነገር በስሕተት ጠላት ነው ብሎ ከያዘው፥ ሁለተኛ ሲያገኘው ጥቂቱም ይበቃዋል።

ይህም ሕመም ከእኛ ማዕድ የራቀ አይደለም። የእኅቴ ልጅ ሰሊጥ አይስማማውም። በአንድ የጾም ቀን በዘመድ ቤት ለማኅበር ተሰብስበን ሳለን ፍትፍት ቀረበ። የሱፍና የሰሊጥ ፍትፍት በመልክ ይመሳሰላሉና ልጁ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ፥ አንዳንዶቹ «የዛሬ ልጅ ምግብ ይመርጣል» ብለው አጉረመረሙ። አንዲት ባልቴት ግን ጉርሻ ዘረጉለት። እርሱም አፉን በእጁ ይዞ «እማማ፥ ሰሊጥ ካለበት ያፍነኛል» አላቸው። ባልቴቲቱ ጉርሻውን መልሰው የቤቱን እመቤት ቢጠይቁ የሰሊጥ ሆኖ ተገኘ። እጃቸውን ታጥበውም ከሌላ ድስት ሽሮ በሌላ ሳሕን አስቀረቡለት። ለእኔ ካየኋቸው ጉርሻዎች ሁሉ ያ የተመለሰው በለጠብኝ።

ሕመሙ የተነሣበት ሰው ገላው ያሳክከዋል፥ ከንፈሩና ምላሱ ያብጣል፥ ያስመልሰዋል፤ ሲብስም ጉሮሮው ተዘግቶ ትንፋሽ ያጥረዋል፥ ራሱንም ይስታል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚያሻው አድሬናሊን የሚባለው መርፌ ነውና፥ ወተት በማጠጣት ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። «ቀስ በቀስ ይለምደዋል» ብሎ በስውር መቀላቀልም በሰው ነፍስ መጫወት ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 14 ስለ መብል ወንድምን እንዳናሰናክል አስተምሮናል። እርሱ የተናገረው ስለ ሕሊና ነው፤ ነገር ግን ለሕሊናው የምንጠነቀቅለትን ወንድም ለሕይወቱ ልንጠነቀቅለት እንዴት አይገባም?

እንግዲህ ድግስ የሚደግስ ሰው «ብሉልኝ» ከማለቱ አስቀድሞ «የማይስማማችሁ ነገር አለን?» ብሎ ይጠይቅ። ወጥ የሚሠሩትም ምን እንደ ገባበት ይናገሩ፥ ጭልፋውንም ከድስት ወደ ድስት አያዛውሩ። የማይስማማው ሰውም ሳያፍር ይናገር። እንግዳ የሚከበረው ጠግቦ በመሄዱ ብቻ ሳይሆን በደኅና ወደ ቤቱ በመግባቱ ነው።