የጉፒ አባት ማን ነው?

ከዓሣ መሸጫ አንዲት ሴት ጉፒ ገዝቶ የወጣ ሰው የከፈለው የአንድ ዓሣ ዋጋ ነው፤ ይዞ የገባው ግን ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። ወንድና ሴት ተቀላቅለው በሚኖሩበት ገንዳ ያደገች ጉፒ ሳታረግዝ ትሸጣለች ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ብቻዋን የገባችው ዓሣ ወር ሳይሞላት ሃያ ሠላሳ ጫጩት ትወልዳለች። ገዢው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ አባትየውን ይፈልጋል። አባት የለም። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ወንድ የሚባል በዓይኗ ሳታይ ሌላ ዙር ትደግማለች።

ተአምር አይደለም። የጉፒ ሴት ከወንድ የተቀበለችውን ዘር በሰውነቷ ውስጥ ለወራት ታቆየዋለች፤ የብዙ ወንዶችን ዘር በአንድነት ማኖርም ትችላለች። ስለዚህ በአንድ ቀን የተወለዱ ጫጩቶች በእናት አንድ፣ በአባት ልዩ ልዩ ሊሆኑ ይችላሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በትሪኒዳድ ጅረቶች ላይ የተሠራ ጥናት ከዚህም የባሰ ነገር አሳየ፦ ወንዱ ከሴቷ ቀድሞ ስለሚሞት፣ ከሞተም በኋላ ልጆቹ መወለዳቸውን ይቀጥላሉ። ጉፒ ርስት የሚወርስ ፍጡር ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤቶቻችን ሌላ ጉዳይ የሚያዩበት ጊዜ አይኖራቸውም ነበር።

የአባትነቱ ውዝግብ ከስሙ ይጀምራል።

ሮበርት ጆን ሌችሜር ጉፒ በ1836 ለንደን ተወልዶ አብዛኛውን ዕድሜውን በትሪኒዳድ ያሳለፈ እንግሊዛዊ ነው። በወጣትነቱ የተሳፈረባት መርከብ ኒውዚላንድ ጠረፍ ላይ ተሰብራበት ከማኦሪዎች ጋር ኖሯል፤ በኋላ ትሪኒዳድ ገብቶ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆነ። እንጀራው ትምህርት ቤት ይሁን እንጂ ልቡ ያለው ከድንጋይና ከዛጎል ጋር ነበር። የጻፋቸው ጽሑፎችም በአብዛኛው ስለ ቅሪተ አካልና ስለ ቀንድ አውጣ ወገኖች ናቸው። ዓሣ ለእሱ የእግረ መንገድ ጉዳይ ነው። ያም ሆኖ ከደሴቲቱ ያገኛቸውን ትናንሽ ዓሦች ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ላከ። የሙዚየሙ የዓሣ ሊቅ አልበርት ጉንተርም በ1866 አዲስ ዝርያ ናቸው ብሎ፣ ለላኪው ክብር “ጂራርዲነስ ጉፒያይ” አላቸው።

አዲስ ግን አልነበሩም። የበርሊኑ ቪልሄልም ፔተርስ ከቬኔዝዌላዋ ካራካስ የተላኩለትን እነዚሁኑ ዓሦች በ1859 “ፖኢሲሊያ ሬቲኩላታ” ብሎ መዝግቧቸዋል። በ1861 ደግሞ ጣሊያናዊው ፊሊፖ ዴ ፊሊፒ ከባርቤዶስ የመጡትን አይቶ የራሱን ስም አወጣላቸው። አንድ ዓሣ በሰባት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ክርስትና ተነሣ ማለት ነው። በሳይንስ ሕግ የሚጸናው ቀድሞ የወጣው ስም በመሆኑ ፔተርስ ረታ፤ የጉንተር ስም ከመዝገቡ ወጣ። ዓሣ አርቢው ሕዝብ ግን ይግባኝ ሳይጠይቅ እስከ ዛሬ “ጉፒ” ይላል። ድንጋይና ዛጎል ሲለቅም የኖረው ሰውም በእግረ መንገድ በላከው ዓሣ ስሙ በየሳሎኑ ይጠራል። በባርቤዶስ በኩል ያለው ሕዝብ ከሁሉም ይልቅ እውነቱን የተናገረ ይመስላል፤ ዓሣውን “ሚሊየንስ” ነው የሚለው።

ይኸው ብዛቱ ሥራ አስገኘለት። የትንኝ እጭ ይበላል ስለተባለ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአገር አገር እየተጓጓዘ ወደ ኩሬና ወደ ቦይ ተለቀቀ። በብዙ ቦታ ከትንኙ ይልቅ ነባሮቹን ትናንሽ ዓሦች አስቸገረ። በእኛ በኩል የተሞከረው የተሻለ ዘዴ ነበር፦ አሰብ ላይ የወባ ትንኝን ለመከላከል የተመረጠው ከውጭ የመጣ እንግዳ ሳይሆን አፋኒየስ ዲስፓር የተባለው የአካባቢው ዓሣ ነው፤ ውጤቱም በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ስለ ጉፒ አባትነት የመጀመሪያው አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘው ኮፐንሃገን ውስጥ፣ ካርልስበርግ የተባለው ቢራ ጠማቂ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ ነው። ዮሃንስ ሽሚት የተባለው የዴንማርክ ተመራማሪ በዓለም የታወቀው የአውሮፓ ኢል የት እንደሚራባ ፍለጋ አትላንቲክን በማሰሱ ነው። ከባሕር ሲመለስ ደግሞ ጉፒ ያራባ ነበር። በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በአንድ ወንድ የጀርባ ክንፍ ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ በወንዶች ልጆቹ ሁሉ ላይ እንደምትታይ፣ በሴቶቹ በኩል ግን ለልጅ ልጅ እንደማትተላለፍ አሳየ። ሥራውን የቀጠለው የአገሩ ሰው ኦይቪንድ ቪንገ ምክንያቱን ነገረን፦ ነጥቧ የምትጓዘው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ በሚያልፈው በዋይ ክሮሞዞም ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሴትም ወንድም በአባቱ ስም ይጠራል፤ ጉፒ ግን የአባቱን ስም የሚጽፈው በወንድ ልጁ ገላ ላይ ብቻ ነው።

ታዲያ ያንን ጌጥ ማን ይመርጠዋል? ሴቷ በአብዛኛው ደማቁን፣ በተለይም ብርቱካንማ ነጥብ የበዛበትን ወንድ ትወዳለች። ችግሩ ደማቁን የሚወድ በላተኛም መኖሩ ነው። ጆን ኤንድለር የተባለ ተመራማሪ፣ ትልልቅ በላተኛ ዓሦች ባሉበት የወንዝ ክፍል የሚኖሩ ወንዶች ደብዛዛ፣ ከፏፏቴ በላይ በላተኛ በማይደርስበት የሚኖሩት ደግሞ ያጌጡ መሆናቸውን በ1980 አሳየ። ከአደገኛው ወንዝ ወደ ሰላማዊው ጅረት የተዛወሩ ጉፒዎችን ለ11 ዓመት የተከታተሉት ዴቪድ ሬዝኒክና ባልደረቦቹም በ1990 አዲስ ነገር ዘገቡ፦ የስደተኞቹ ዘሮች ዘግይተው የሚደርሱ፣ ጥቂት ግን ተለቅ ያሉ ጫጩቶችን የሚወልዱ ሆነዋል። ሴቷ ሁልጊዜ በራሷ ዓይን ትፈርዳለች ማለትም አይቻልም። ሊ ዱጋትኪን በ1992 እንዳሳተመው፣ ሌላዋ ሴት የመረጠችውን ወንድ አይታ እሱኑ የምትመርጥ ጉፒ አለች።

ይህን ሁሉ ያወቀ አርቢ፣ የወደደውን ቀለም ዘር ጠብቆ ለማቆየት ሲነሣ ጠላቱ ጊዜ ነው። ጫጩቶቹ ሦስት አራት ሳምንት ሲሞላቸው፣ የወንዶቹ የሆድ ሥር ክንፍ እየሾለ መምጣት ሳይጀምር፣ ሴቶቹን ወደ ሌላ ገንዳ መለየት አለበት። ለጥቂት ቀን የዘገየ ሰው ስለ ሴቶቹ ድንግልና መማል አይችልም፤ የሚቀጥለው ትውልድ አባትም ከሱቅ እንደተገዛችው ሴት ልጆች አባት ያልታወቀ ይሆናል።

ለዚያ ለመድረስ ግን ጫጩቶቹ መጀመሪያ ከእናታቸው መትረፍ አለባቸው። ጉፒ እንቁላል አትጥልም፤ የምትወልደው ወዲያው የሚዋኝ ጫጩት ነው። ከወለደችው በኋላ ግን ልጅነቱን አታስታውስም፤ አፏ የሚችለውን ሁሉ ትበላለች። መውለጃዋ ሲደርስ ሆዷ ማዕዘን ያወጣል፣ ከጭራዋ በፊት ያለው ጥቁር ምልክትም ይሰፋል። ያን ጊዜ አንዳንዱ በትንሽ ሣጥን ይለያታል፣ እሷም ትጨነቅበታለች። ልምድ ያለው ሰው ገንዳውን ጃቫ ሞስ በሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ተክል ይሞላዋል። የጫጩቱ ዕጣ እዚያ ውስጥ ቶሎ በመደበቁ ይወሰናል።

ከዚያ የምግብ ነገር ይመጣል። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጨርቅ አጥልሎ መስጠት የቆየ ዘዴ ነው፤ ትንሽ ከበዛ ግን ውሃውን ያበላሻል። የተሻለውን መንገድ ያሳየው የሳን ፍራንሲስኮው ስታይንሃርት አኳሪየም ኃላፊ አልቪን ሲል ነው፤ አርቴሚያ የተባለችው የጨው ውሃ ፍጡር ለዓሣ ጥሩ ሕያው ምግብ እንደምትሆን በ1933 ጻፈ። ደርቆ በቆርቆሮ የሚሸጠው እንቁላሏ ጨው ባለበት ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ አየር እየተነፋለት በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ይፈለፈላል። የጫጩቶቹ ሆድ ብርቱካንማ ሲሆን መጥገባቸው ከውጭ ይታያል።

አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት የለመደ ዓሣ ማሞቂያ ይፈልጋል። ማሞቂያው መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል የአርቢው ፈንታ ነው። የቧንቧው ውሃም ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክፍት ባልዲ ውስጥ ማደር አለበት፤ ስለዚህ ባልዲው ከመታጠቢያ ቤት ጠፍቶ ሳሎን ቢገኝ ቤተሰቡ መገረም ያቆማል።

ይህን ሁሉ የተወጣ ሰው አዲስ ችግሩ ስኬቱ ነው። ዐሥር ሴቶች በየወሩ ሃያ ሃያ ቢወልዱና ግማሾቹ ቢተርፉ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ገንዳ አይበቃም። ወንዝ ውስጥ መድፋት ደግሞ ነባሮቹን ዓሦች መበደል ነው። የሚቀረው ጎረቤት ነው። ጎረቤት በውሃ የተሞላ ፌስታሉን አንድ ጊዜ በደስታ ይቀበላል። በዓመት በዓል ሰሞን ግን በሩ ይንኳኳል፤ ያው ጎረቤት ከአንድ ይልቅ ሁለት ፌስታል አንጠልጥሎ ቆሞ “ጋሼ፣ የልጅ ልጆችዎን አምጥቼልዎታለሁ” ይላል።