መምህሩ ቀድሞ ይሞክረው

ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ሊሸምት የወጣ ሰው የነጋዴውን ምስጋና ሰምቶ ብቻ ገንዘቡን አይቈጥርም፡፡ አንድ ዛላ ያነሣል፤ ሰብሮ ያሸታል፤ ፍሬውንም ያያል፡፡ የጉራጌ ገበሬም አዲስ የእንሰት ዝርያ ቢያገኝ የጓሮውን ሁሉ ነቅሎ በአዲሱ አይተካም፡፡ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ጥቂት ችግኞችን ዳር ላይ ተክሎ ጠባያቸውን ያጠናል፡፡ ይህ ጥንቃቄ እንጂ አዲስ ነገርን መጥላት አይደለም፡፡

ተማሪዎች ሆይ፣ ለገዥውና ለገበሬው የማንከለክለውን ይህን መብት ለመምህሩ ስንነፍገው ብዙ ጊዜ እንታያለን፡፡ ለአብነት ያህል፣ በ1997 ዓ.ም. በሀገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ፤ ሕዝቡም «ፕላዝማ» አለው፡፡ ዓላማው በጎ ነበር፤ በሩቅ ያለው ተማሪ ከአዲስ አበባው ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ሥርጭቱ በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ ይሄድ ነበር፡፡ መምህሩ ሊያቆመው ወይም ሊመልሰው አይችልም፡፡ አስቀድሞ አይቶ ለክፍሉ የሚስማማውን ለመምረጥም ዕድል አልነበረውም፡፡ ስለዚህ ብዙ መምህራን በገዛ ክፍላቸው ተመልካች ሆነው መቅረታቸውን ተናግረዋል፡፡

ዛሬ የተሻለ መንገድ አለ፡፡ ክፍት ምንጭ የሚባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሠራራቸው ለማንም የተገለጠ፣ ያለ ክፍያ የሚገለበጡ፣ የሚሻሻሉና የሚተረጐሙ ናቸው፡፡ ነገር ግን ዋጋ ስላልተጠየቀባቸው ብቻ ለመምህሩ ቀላል ሆነዋል ማለት አይደለም፡፡ በወልቂጤ የሚያስተምር አንድ የፊዚክስ መምህር እናስብ፡፡ በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከል ያለው ትርፍ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፡፡ የኮምፒውተሩ ክፍል ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ነው፡፡ ፕሮግራም ለመጫን የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ ከኢንተርኔት ለማውረድም ከደመወዙ ይከፍላል፡፡ ይህን ሁሉ አልፎ ቢሞክረው እንኳ «የመንግሥት ንብረት አበላሽ እንደ ሆነስ?» የሚል ሥጋት ያድርበታል፡፡ እንዲህ ያለው ሰው «ይቅርብኝ» ቢል ሰነፍ ልንለው ይገባልን? በእኔ አስተያየት አይገባም፡፡ ጥፋቱ የመሞከሪያውን መንገድ ባስረዘመው አሠራር ላይ ነው፡፡

መንገዱን ማሳጠር እንደሚቻል የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊው ካርል ዋይማን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ «ፌት» የተባለውን የሳይንስ ማሳያዎች ሥራ አቋቋሙ፡፡ ዛሬ ብዙዎቹ ማሳያዎች እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ፋይል በፍላሽ ተገልብጠው፣ ምንም ሳይጫንና ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ፡፡ መምህሩ በማሳያው ላይ ባትሪን ከሬዚስተር ጋር በሽቦ ያገናኛል፡፡ ቮልቱን እጥፍ ሲያደርገው ኩረንቱም እጥፍ ሲሆን ያያል፡፡ ሽቦውን በስሕተት ቢያገናኝም በእውን የሚቃጠል ባትሪ የለም፡፡ ለሕፃናት ትምህርት የተሠራው «ሹገር» የተባለው ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. በ2009 ከፍላሽ የሚነሣ ሆኖ ቀርቧል፡፡ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ይነሣል፤ በውስጡ ያለው የቀድሞ ሥራ አይነካም፤ ተዘግቶ ፍላሹ ሲነቀልም ሁሉ እንደ ነበረ ይመለሳል፡፡

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው ምንድን ነው? አንድ መሣሪያ በመምህሩ ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ በጥቂት ደቂቃ የሚሞከር፣ ያለውን የማያበላሽ፣ በሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ የሚያገለግልና ካልተስማማው ያለ ኀፍረት ሊተወው የሚችል መሆን አለበት፡፡ «አልተስማማኝም» ለማለት ነፃነት የሌለው ሰው «ተስማማኝ» ቢልም ቃሉ አይታመንም፡፡

በዚህ ረገድ እናንተም ድርሻ አላችሁ፡፡ ብዙዎቻችሁ ስልክና ኮምፒውተር መንካት ከታላላቆቻችሁ ይልቅ ይቀልላችኋል፡፡ ይህ ግን በመምህራችሁ ላይ ለመሣቅ ምክንያት አይሁናችሁ፡፡ ማሳያውን በፍላሽ ገልብጣችሁ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በአክብሮት አቅርቡላቸው፡፡ አይጡን ከእጃቸው አትንጠቁ፤ ራሳቸው ይሞክሩት፡፡ እናንተ የአከፋፈቱን ዘዴ ስታሳዩ፣ እርሳቸው ደግሞ ኩረንቱ ለምን እንደ ጨመረ ያስረዷችኋል፡፡ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የሚያስቸግር ከሆነም ወደ አማርኛ ወይም ወደ ጉራጊኛ የመተርጐሙን ሥራ አብራችሁ ጀምሩ፡፡

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ መምህሩ ሳያምንበት በጥድፊያ ወደ ክፍል የገባ መሣሪያ ጥቂት ቈይቶ አቧራ ይለብሳል፡፡ መምህሩ አስቀድሞ ሞክሮ የመረጠው ግን የማስተማሪያው አካል ይሆናል፡፡