ስኳር የያዛት ውሻ

በአገራችን ስለ ውሻ የሚነገረው ብዙ ነው። ታማኝነቱ ይመሰገናል፤ ሆዳምነቱ ይተረታል፤ ሌሊት የጮኸ እንደሆነ ሌባ መጣ ይባላል፤ ያላዘነ እንደሆነ ደግሞ መርዶ ይፈራል። ስለ ጤንነቱ ግን የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም። ውሻ ሲታመም ወይ በራሱ ይድናል፤ ወይ ከአጥር ሥር ተኝቶ ይሞታል። ከዚህ በቀር ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ያስተማረችኝ ውቢት የተባለች ውሻችን ናት።

ውቢት ዘር የሚቈጠርላት አይደለችም። ቡናማ፣ አንዱ ጆሮዋ የቆመ፣ ሌላው የታጠፈ፣ 18 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ በቤታችን ዘጠኝ ዓመት የኖረች ያበሻ ውሻ ናት። ማደሪያዋ ከበሩ አጠገብ ባለው ቆርቆሮ ሥር ነው። እናቴ ስለማትፈቅድ ከሳሎን ገብታ አታውቅም።

በሽታዋን መጀመሪያ ያወቀችው ግን ይህችው እናቴ ናት። እናቴ ከስኳር በሽታ ጋራ ከ15 ዓመት በላይ የኖረች፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምትወጋ ባልቴት ናት። ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ውቢት የውሃ ጣሳዋን በቀን አራት አምስት ጊዜ ታስሞላ ጀመር፤ ሌሊትም ለሽንት ስትንጎራደድ ትሰማለች። የሰጧትን ሁሉ ጠርጋ ትበላለች፤ ነገር ግን የጎድን አጥንቷ ይቈጠራል። እናቴ ከበረንዳው ላይ ሆና ጥቂት ቀን ስታስተውላት ከቆየች በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህችን ውሻ የኔው ነገር ይዟታል። መጠጣቷን እይ፤ መክሳቷን እይ። እኔንም እንዲህ ነበር ያደረገኝ» አለችኝ። በቤታችን ከርስዋ ይበልጥ ይህን በሽታ የሚያውቅ የለምና በማግሥቱ ውቢትን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኋት።

ሐኪሙ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማረ ወጣት ነው። ከጆሮዋ ጫፍ ጠብታ ደም ወስዶ፣ እናቴ ከምትጠቀምበት ጋራ በሚመሳሰል መሣሪያ ቢለካው 412 የሚል ቍጥር ወጣ። የጤነኛ ውሻ ቍጥር ከ120 ብዙም አያልፍም። ሽንቷም ተመርምሮ ስኳር ተገኘበት። ቆሽቷ ኢንሱሊን ማመንጨቱን እንዳቋረጠ፣ ይህም በሽታ በእንስት ውሾች ላይ እንደሚበዛና የወንድ ፍላጎቷ ጊዜ ካለፈ በኋላ በሰውነቷ የሚበዛው ንጥረ ነገር እንደሚያባብሰው ገለጸልኝ። ስለዚህ ማሕፀኗንና የእንቍላል ዕጢዋን በቀዶ ጥገና ማውጣት ያስፈልጋል። ድመት አንዳንድ ጊዜ በሕክምና በርትቶ መድኀኒቱን እስከ መተው ይደርሳል፤ ውሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዕለተ ሞቱ ሳይወጋ አይኖርም። በመጨረሻም ሁለት ነገር አቀረበልኝ፤ ወይ በየ12 ሰዓቱ መውጋት፣ ወይ ሳትሠቃይ ማሳረፍ። «አስበውበት ይምጡ» ብሎ አሰናበተኝ።

በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ሲታሰብ አስቀድሞ በልቡና የሚመጣው በሬ ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1888 እስከ 1892 በደረሰው በክፉ ቀን፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ከብቱን ፈጅቶ ሕዝቡን ለረኀብ እንደ ዳረገው ከአባቶቻችን ሰምተናል። ያ በሽታ በክትባት ኀይል ከዓለም መጥፋቱ የተበሠረው በ2011 ነው። ስለ በሬ መርፌ የሚከራከር ሰው የለም፤ በሬ ያርሳልና። ላምም ትታለባለች። የጎረቤቴ ሙግት ከዚህ ተነሣ። «ጋሼ፣ ለሚጮኽ እንስሳ የሰው መድኀኒት ይሰጣል? ነገውኑ ሌላ ቡችላ አመጣልዎታለሁ» አለኝ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ቡችላውንም ያመጣው ነበር። በጥቅም ሚዛን የተመዘነ እንደሆነ እርሱ ይረታኛል። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት በሬን የጠበቀች ፍጥረት በሕይወት ቆማ ስታየኝ ምትኳን መቀበል አልሆነልኝም።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን በሰዓት ተገዛ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ከምሽቱም አንድ ሰዓት ውቢት ትበላለች፤ ወዲያው ትወጋለች። ቀድሞ የምትበላው የተረፈውን ነበር፤ በጾም የሽሮ ፍርፋሪ፣ በፋሲካ ማግሥት የበግ አጥንት። አሁን ግን ምግቧ ተመዝኖ ቀን ከቀን አንድ ዓይነት ሊሆን ግድ ሆነ። ስኳር የያዘው ውሻ ጾምና ፍስክ የለውም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ይህ ነገር እናቴን ጥቂት አስጨነቃት፤ ኋላም ለውቢት ጮማ የሌለው ሥጋ የሚቀቀልበትን ድስት ከነጭልፋው ለይታ ከማጀት ውጭ አኖረችው።

መውጋቱንም ያስተማረችኝ እርስዋ ናት። መድኀኒቱ የደፈረሰ ዓይነት ስለሆነ ከመቀዳቱ በፊት መቀላቀል አለበት። ብልቃጡን ስወዘውዝ አይታ፣ «በመዳፍህ መካከል አንከባለው እንጂ አትናጠው፤ ወተት አይደለም!» አለችኝ። የውቢትን የትከሻዋን ቆዳ በሁለት ጣት ከፍ አድርጌ ያቺን ቀጭን መርፌ ሳስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ውሻይቱ ግን ሳሕኗን ከመላስ አላቋረጠችም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከተወጋች በኋላ የበላችውን አስመለሰች። ከዚያም እግሮቿ ተብረከረኩ፤ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳግዳ በጎኗ ወደቀች። መድኀኒቱ ምግብ ሲያጣ የደሙን ስኳር ከልክ በታች ያወርደዋል፤ ይህም ከበሽታው ፈጥኖ የሚገድል ነው። እናቴ ለራሷ የምታስቀምጠውን የማር ብልቃጥ ይዛ በነጠላዋ እየተደናቀፈች ወጣች። ማሩን በጣቴ እየጠቀስሁ ድዷን ቀባሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውቢት ቀና አለች። ሐኪሙም መጠኑን ቀነሰልን። ከከተማ ወጥቶ ማደርም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ፤ ለወንድሜ ልጅ ሠርግ ደብረ ብርሃን ጠዋት ሄጄ ለምሽቱ አንድ ሰዓት ተመልሻለሁ።

ይህ ሁሉ ይቻላል። የከበደኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን በመድኀኒት ቤት መስኮት ፊት ተሰልፌ ሳለሁ የውቢትን ማዘዣ ባቀርብ፣ ሻጪቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ለውሻ ነው?» አለችኝ። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ማዘዣ ይዛ ከልጅዋ ጋራ ቆማለች፤ በመደርደሪያው የቀረውም ሁለት ብልቃጥ ብቻ ነበር። ሴትዮዋን አሳለፍኋት፤ አንዱን ወሰደች። ሁለተኛውን እኔ ወሰድሁ። ሦስተኛ ሰው ቢመጣ ኖሮ ያ ብልቃጥ ለርሱ ይገባ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ውቢትም ከእናቴ ብልቃጥ ተበድራ ታድር ነበር። ማንም አልመጣም። ቢሆንም የዚያን ዕለት ወደ ቤቴ የሄድሁት ብልቃጡን በኪሴ ደብቄ ነው።

ማታ ነገሩን ለእናቴ ስነግራት፣ ስለዚህ መድኀኒት ታሪክ ያነበብሁትን ጨመርሁላት። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1889 በስትራስቡርግ ከተማ ፎን ሜሪንግና ሚንኮቭስኪ የተባሉ ሊቃውንት የውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው ስኳር ያዘው፤ በሽታው ከቆሽት ጋራ የተያያዘ መሆኑ የተረጋገጠው በዚህ ነው። በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ባንቲንግ የተባለ ሐኪምና ቤስት የተባለ ተማሪ ከእንስሳ ቆሽት ፈሳሽ አውጥተው ቆሽት የሌላቸውን ውሾች ወጉ። ማርጆሪ የተባለች አንዲት ውሻ በዚያ ፈሳሽ 70 ቀን ያህል ኖረች። በ1922 መጀመሪያ ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ተወጋና ከሞት አፋፍ ተመለሰ። የፈጠራው መብት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተሰጠው ለያንዳንዱ ባለመብት አንድ ዶላር ተከፍሎ ነው። ይህ አንድ ዶላር በመድኀኒት ቤት መስኮት ፊት ለቆመ ሰው እንደ ተረት የሚሰማ ነው።

እናቴ ስለ ዶላሩም ስለ ልጁም አልጠየቀችኝም። «ውሻይቱስ? በመጨረሻው ምን አደረጓት?» አለች።

«ገደሏት» አልኋት።

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያም ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና ከማቀዝቀዣው ውስጥ የውቢትን ብልቃጥ ከታች አንሥታ ከራሷ ብልቃጥ አጠገብ አኖረችው። እንዳይሳሳትም በውቢቱ ላይ ቀይ ክር አሠረችበት።

ከስምንት ወር በኋላ የውቢት ዓይኖች ይነጡ ጀመር። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ስኳር የያዛቸው ውሾች በትክክል እየተወጉ እንኳ ብዙዎቹን የዓይን ሞራ ይይዛቸዋል። እናቴ የራሷን ሞራ አስገፍፋለች፤ ውሻ የሚገፈፍበት መሣሪያ ግን ሐኪማችን የለውም። ስለዚህ በግቢያችን ጀሪካኑም በርጩማውም ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ እርስዋ በልቧ ታውቃቸዋለች። እንግዳ ሲመጣ ዛሬም ትጮኻለች፤ አንዳንድ ጊዜ ፊቷን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። ጎረቤቴ ይህን እያየ ይሥቃል፤ ሲያልፍ ግን እንዳትደነግጥ አስቀድሞ በስሟ ይጠራታል።

ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ድምፁን ሰምታ ወደ በረንዳው ትመጣለች። እናቴም ወንበሯ ላይ ሆና ትጠብቀኛለች። መጀመሪያ እናቴን እወጋለሁ፤ ቀጥዬ፣ መርፌውን ለውጬ፣ ባለቀዩን ክር ብልቃጥ በመዳፌ መካከል አንከባልላለሁ።