«ደክሞት ነው»

አምና የገና ዕለት ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። አባቴ ለክብር እንግዳ የሚያስቀምጣትን ውስኪ ከቡፌው አወጣና ለአብሮ አደጉ ቀዳላቸው። እሳቸውም አንዴ ተጎንጭተው ቀና አሉ። «አንተ፣ ይሄ ሻይ ነው እንዴ?» ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ አባቴም ሳቀ። ታናሽ ወንድሜ ግን የቀረበለት ዶሮ ወጥ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። ውስኪውን ጠጥቶ ጠርሙሱን በሻይ የሞላው እሱ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ወንድሜን ለማሳጣት አይደለም፤ እሱም አንብቦት ፈቅዶልኛል። ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ስለሆነ ነው።

ምልክቶቹ ከገና በፊት ለወራት ዓይናችን ፊት ነበሩ። ወንድሜ የሚወደውን የኳስ ልምምድ ተወ። ቤት የሚመጡት የድሮ ጓደኞቹ ቀሩና ስማቸውን የማይነግረን ሌሎች ተተኩ። ቅዳሜ ማታ ሲገባ ማንንም ሳይስም ቀጥታ ወደ ክፍሉ ነው፤ ከአፉ ማስቲካ አይጠፋም። እሑድ እስከ ቀትር ይተኛል፤ ሲቀሰቅሱት ይቆጣል። ውጤቱ ወረደ። እናቴ አረጋውያንን ስትንከባከብ አድራ ማለዳ ነው የምትመለሰው፤ አባቴ ታክሲ ይነዳል። ስለ ልጁ ስትጠየቅ የእናቴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ደክሞት ነው። የዚህ አገር ትምህርት ከባድ ነው።»

ኅዳር ላይ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። በቤታችን ደብዳቤ የማነበው እኔ ነኝ፤ የባንኩንም፣ የኢንሹራንሱንም፣ የሐኪሙንም። ይህን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ የቤታችን አስተርጓሚዎች ነን። ደብዳቤው ወንድሜ በትምህርት ቤቱ የዳንስ ምሽት ላይ ጠጥቶ እንደተገኘ ይናገርና ወላጆቹን ለውይይት ይጠራል። እናቴ «ምን ይላል?» አለችኝ። ወንድሜ ከኋላዋ ቆሞ በዓይኑ ለመነኝ።

«እያረፈደ ነው የሚመጣው ይላል» አልኳት።

ውይይቱ ላይ «ወላጆቼ ሥራ ላይ ናቸው» ብዬ እኔው ሄድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ፣ ጓደኞቹ በር ላይ ጥለውት ሄዱ። ጎትቼ አስገባሁት፤ ቡና አፍልቼ በግድ አጠጣሁት፤ በጀርባው አስተኝቼ በሩን ዘጋሁበትና ተኛሁ። ማለዳ እናቴ ምንም ሳታውቅ ስትገባ፣ ጥሩ እህት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በኋላ ኮሌጃችን አዲስ ተማሪዎችን የምንቀበለውን በጎ ፈቃደኞች ሲያሠለጥን ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ቡና እንቅልፍ ያባርር እንደሆነ እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው በግምት አንድ መጠጥ ያህል ብቻ ነው። ሰውየው ከተኛ በኋላም በሆዱ ያለው አልኮል ወደ ደሙ መግባቱን ይቀጥላል። በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልሰው ሊታነቅ ይችላል፤ ስለዚህ በጎኑ ይተኛል፣ ብቻውንም አይተውም። ቢጠሩት የማይነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች የሚተነፍስ፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ወይም ከንፈሩ የሰማያዊ መልክ የያዘ ሰው ካያችሁ፣ «ሲነጋ ይሻለዋል» ሳትሉ 911 ደውሉ።

ወደ ገናው ልመለስ። እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ «በሰው ፊት አዋረድከኝ!» ብሎ ተነሳ። እናቴ «ቆይ» አለችውና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ታውቂ ነበር?» ሁሉንም ነገርኳት፤ ደብዳቤውንም ጭምር። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «እኔ የማላውቀው እንግሊዝኛ ነው እንጂ ልጄን አይደለም። ብትነግሪኝ ኖሮ አውቅበት ነበር» አለች።

እውነትም ታውቅበት ነበር። በማግስቱ ከሥራ ቀርታ ቡና አፈላችና ወንድሜን ብቻውን አስቀመጠችው። «እንዴት ደፈርክ?» አላለችውም፤ «ምን ሆነህ ነው?» አለችው። እሱም ሰው መሃል ሲሆን አፉ እንደሚተሳሰርና ሲጠጣ ብቻ መናገር እንደሚችል ነገራት። በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። እኔ እንዳስተረጉም አልፈለገችም፤ አማርኛ አስተርጓሚ ስትጠይቅ በስልክ አገናኟት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አማካሪ ያያል።

የቆየው አባቴ ነው። «ቢራ እኮ ነው፤ እኛም በልጅነታችን ለበዓል ጠላ ቀምሰናል» ይል ነበር። 355 ሚሊ ሊትር የሆነ አንድ ጣሳ ቢራ፣ 148 ሚሊ ሊትር ወይንና 44 ሚሊ ሊትር ውስኪ የያዙት አልኮል ተመጣጣኝ መሆኑን ሐኪሙ ሲነግረው ዝም አለ። «አገር ቤት ቢሆን» ሲልም፣ በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 እዚያም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ መከልከሉን አሳየሁት።

አሁን በቤታችን ጥቂት ነገሮች ተለውጠዋል። ጠርሙሱ ይቆለፍበታል። ቅዳሜ ማታ ቤት ያለው ወላጅ ሳይተኛ ይጠብቀዋል፤ አቅፎ ይስመዋል፣ ዓይኑን ያየዋል፣ ትንፋሹንም ያሸታል። ለትምህርት ቤት ደብዳቤም አስተርጓሚ ይጠየቃል። አንድ ስምምነትም አለ፤ ወንድሜ የትም ሆኖ በማንኛውም ሰዓት ቢደውል አባቴ በታክሲው ይሄድለታል፤ በዚያ ሌሊት ቁጣ የለም፣ ንግግሩ ለነገ ነው።

እናንተ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ወላጅ የሆናችሁ ወይም ልትሆኑ የተቃረባችሁ፣ አንዱን ምልክት ብቻ ይዛችሁ ልጃችሁን አትክሰሱ፤ ጉርምስናም ራሱ ያነጫንጫል። ጓደኛው፣ እንቅልፉ፣ ውጤቱና ገንዘብ አያያዙ አብረው ሲለወጡ ግን «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ኮሌጅ ይነግረናል ብላችሁም አትጠብቁ። የፌዴራል ሕጉ ከ21 ዓመት በታች ያለ ተማሪ የመጠጥ ደንብ ሲጥስ ኮሌጁ ለወላጅ እንዲያሳውቅ ይፈቅድለታል እንጂ አያስገድደውም። «በእኛ ቤት መጠጥ አይገባም» የምትሉም ብትሆኑ፣ ልጃችሁ የሚውለው እናንተ ቤት ብቻ አይደለም።

እኛ ታላላቆች ደግሞ ስንዋሽ የምናድን ይመስለናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የወንድሜን በሽታ የደበቅሁት ግን እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ሚያዝያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የአባቴ ስልክ ጮኸ። ወንድሜ ነበር፤ ጠጥቷል። አባቴ ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። በመንገዱ ሁሉ አንዲት ቃል እንዳልተናገረው ወንድሜ ነግሮኛል። ወንድሜ ጨርሶ አልተወም፤ ግን ደውሏል።