«የት ተማርክ?»

ጅዳ ስናድግ ኢቃማ አልነበረንም። ያኔ ኢቃማ ከሌለ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚመዘግብህ አልነበረም። የሰፈሩ ልጆች ጠዋት ቦርሳ አንግበው ሲሄዱ እኔና እህቴ በመስኮት እናያቸው ነበር።

ከፈጅር በኋላ አባታችን ቁርኣን ያስቀራናል። ኡሚ ሰው ቤት ስትሠራ ውላ ማታ ትመጣና ካርቶን ላይ ፊደል ትጽፍልናለች፤ መደመርና መቀነስ በሪያል ሳንቲም ታሳየናለች። እሷ የተማረችው እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ ነው። የማታውቀውን ስንጠይቃት «ነገ እነግራችኋለሁ» ትላለች። በማግስቱም መልሱን ይዛ ትመጣለች። ለካ የአሠሪዎቿን ልጆች እየጠየቀች ኖሯል።

በ2006 ዓ.ም. ከ100 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ እኛም አብረን ተመለስን። ደሴ ትምህርት ቤት ልመዘገብ ስሄድ 11 ዓመቴ ነበር። መምህሩ «የት ተማርክ?» አለኝ።

አፈርኩና «የትም» አልኩ።

ኡሚ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ምንም አልተናገረችም። ፈትነውኝ 5ኛ ክፍል መደቡኝ። እሷ ካቆመችበት አንድ ክፍል አለፍኩ ማለት ነው።

ያቺ «የትም» ያልኳት ቃል ዛሬም ትቆጨኛለች። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የት ተማራችሁ ስትባሉ ያስተማራችሁን ሰው አትደብቁ። አላህ እናቶቻችንን ይጠብቅልን።