ድመቷ ትውጣ ወይስ ክትፎው?

እኛ ሰፈር ስለ ድመት የማያውቅ ሰው የለም። ካጠገብካት አይጥ አትይዝም። ፀጉሯን ከዋጥክ አስም ያሲዝሃል። ውሻ ጌታውን ይወዳል፣ ድመት ግን የምትወደው ቤቱን ነው። ከፎቅ ብትወድቅ እንኳ ምንም አትሆንም። ይህን ሁሉ ያለ ጥርጥር የሚነግሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ ድመት አሳድገው አያውቁም። ያሳደጉትም ስም አላወጡላትም፤ የሁሉም ድመት ስም ውሮ ነው።

የእኛም ውሮ ናት። ኮንዶሚኒየሙን አይጥ ሲወረው እማዬ ከጎረቤት ያመጣቻት ለሥራ ነው። የቅጥር ውሉ ግልጽ ነበር፦ ቁርስና ምሳ የለም፣ ራት አይጥ።

ነገሩ ግን እንደዚያ አይሠራም። ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም። ትንሽ ነገር ሲንቀሳቀስ ስታይ የሚነሳባት ስሜት ሆዷን አይጠይቅም፤ ምግብ ላይ ያለች ድመት እንኳ ሳህኑን ትታ አይጥ ልታባርር ትችላለች። በእኔ ሙያ ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ፕሮሰሶች ናቸው፣ አንዱን ስትዘጋው ሌላው አይዘጋም። የተራበች ድመት የምትጨምረው ሌላ ነገር ነው፦ የጎረቤት ማድ ቤት ትገባለች፣ የቆሻሻ ገንዳ ትፈትሻለች፣ መርዝ የበላ አይጥ በልታ እሷም ትመረዛለች። ወተቱንም በዚሁ ልለፈው፤ አብዛኞቹ ድመቶች ካደጉ በኋላ የወተት ስኳር አይፈጭላቸውም፣ ትርፉ ተቅማጥ ነው። ውኃ ስጧት።

አለርጂ የሚያስነሳው ደግሞ በምራቋና በቆዳዋ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ፀጉሯ ማመላለሻ ብቻ ነው። (አለርጂው ያለበት ሰው መታመሙ ግን እውነት ነው፣ አትቀልዱበት።)

የፎቁ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1987 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ኒው ዮርክ ውስጥ ከፎቅ ወድቀው ሕክምና የመጡ 132 ድመቶችን አይቶ 90 በመቶ ያህሉ እንደተረፉ ጽፏል። ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ይሮጣል። ዳታ ስታዩ ግን መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። አስፋልት ላይ የሞተች ድመትን ሐኪም ጋ የሚወስዳት የለም፣ ስለዚህ አትቆጠርም። ከተረፉትም ብዙዎቹ ደረታቸው ተጎድቶ ወይም አጥንታቸው ተሰብሮ ነው። እኔ በረንዳው ላይ መረብ አስሬያለሁ።

ቤቱን እንጂ ሰውን አትወድም ለሚሉት፦ በ2019 የኦሪገን ተመራማሪዎች ለሕፃናት የሚሠራውን የቁርኝት ሙከራ ለድመት ግልገሎች ሠሩት። ከመቶ 64 የሚሆኑት ባለቤታቸው ወጥቶ ሲመለስ ተረጋግተው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። ከሕፃናት ውጤት ብዙም አይርቅም።

ይህ ሁሉ ግን የክርክር ጨዋታ ነው። ነገሩ የከረረው ባለፈው ዓመት እህቴ ስትፀንስ ነው።

እህቴና ባሏ ቤታቸው እስኪያልቅ እኛ ጋ ነበሩ። ለበዓል ዘመድ ተሰብስቦ አክስቴ ውሮን ሶፋው ላይ አየቻትና «ይቺ ድመት ዛሬውኑ ትውጣ፣ ጽንስ ታስወርዳለች» አለች። መፍትሔውም ተዘጋጅቶ ነበር፤ በማዳበሪያ ከረጢት አስገብቶ ራቅ ያለ ገበያ ላይ መልቀቅ። ብዙ ድመት እንዲህ ነው የሚሸኘው። ይህ ሲባል እህቴ ፊት ያለው ሳህን ደም ይሆናታል ተብሎ የቀረበላት ጥሬ ክትፎ ነው።

አክስቴ ከመሬት ተነስታ አይደለም የተናገረችው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ አለ፣ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ከተያዘች ጽንሱ ሊወርድ፣ ዓይኑና አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ዘሩን በዓይነ ምድር የሚያወጡትም የድመት ወገኖች ብቻ ናቸው። ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። ድመት ይህን የምታወጣው ባብዛኛው መጀመሪያ ስትያዝ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ነው። የወጣውም ሰው ለመያዝ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ ከተጠረገ ብዙው አደጋ ይቀራል። ሌላው ትልቅ በር ደግሞ ያልበሰለ ሥጋ ነው፣ በተለይ የበግና የፍየል፤ ከዚያም በአፈር የተነካካ ያልታጠበ ጎመንና ሰላጣ።

«አክስቴ፣ ድመቷን ከማውጣታችን በፊት ሳህኑን እናንሳ» አልኩ።

«አንተ ኮምፒዩተርህን ጠግን! ስንት ዘመን ጥሬ በልተን የወለድን ሰዎች ነን።»

ስንት ዘመንም ድመት አብሯቸው እንደኖረ ልነግራት ፈልጌ እማዬ በዓይኗ ከለከለችኝ።

እህቴ በሚቀጥለው ክትትል ሐኪሟን ጠየቀቻት። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ድመቷ ሳይሆን ጥሬ ሥጋ ትበዪያለሽ ወይ ብላ ነው። ከዚያ የደም ምርመራ አዘዘች፣ አሸዋውን ሌላ ሰው እንዲያጸዳ፣ ሥጋው በደንብ እንዲበስል፣ አትክልቱ እንዲታጠብ ነገረቻት። ድመቷ ትውጣ አላለችም።

የአሸዋው ሳጥን የእኔ ሥራ ሆነ፣ በየጠዋቱ ላፕቶፔን ከመክፈቴ በፊት። የእህቴ ክትፎ ለብለብም ሳይሆን እስኪጠቁር የበሰለ ሆነ፣ ስትበላው ፊቷን ብታዩ ያሳዝናል። ውሮ እንድትበላ ተፈቀደላት፣ ክትባቷንም አስወጋኋት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛልና።

ሕፃኗ አሁን አራት ወሯ ነው። የምትተኛበት ክፍል በር ይዘጋል፣ ውሮም ከውጭ ተጠቅልላ ትጠብቃለች። አክስቴ ስትመጣ አሁንም በጫማዋ ጫፍ ገፋ ታደርጋታለች። ክትፎዋንም አሁንም ጥሬ ነው የምትበላው።